ሊቀ ጀማርያን ወንዳፈረውና የባሮው ዓሣ

በዚህች አገር ጀማሪ የሌለበት ከተማ የለም። ጀማሪ ሲባል ትናንት ሥራ የገባ ለጋ ሠራተኛ ማለት አይደለም። ነገር የሚጀምር ሰው ማለት ነው። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሣ ቁርሱን ያስባል፤ እሱ ግን ዛሬ ምን ልጀምር ብሎ ይነሣል። መሠረት ቆፍሮ ግድግዳ አያቆምም። ግድግዳ ቢያቆም ጣራ አያለብስም። ጣራ ቢያለብስ፣ ቤት በር እንደሚያስፈልገው ትዝ የሚለው ሌላ ቤት ከጀመረ በኋላ ነው። ጎረቤት ይስቅበታል፣ ሚስት ታማርራለች። እሱ ሁለቱንም አይሰማም። «ዋናው መጀመሩ ነው!» ይላል።

የጋምቤላው ጀማሪ ወንዳፈረው ይባል ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ነው። ብየዳ የተማረው ግድብ ሲሠራ በቀን ሠራተኛነት ገብቶ ነው፤ ግድቡ ሳያልቅ ወጣ። «ሊቀ ጀማርያን» የሚለውን ማዕረግ የሸለመችው ሚስቱ አይናለም ናት። ማዕረጉን ለመስጠት ከእሷ የተሻለ መብት ያለው ሰው አልነበረም። ገበያው አጠገብ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥባት ምግብ ቤት የማዕረጉ ሙዚየም ነበረች። የግቢው በር ሁለት ተካፋች እንዲኖረው ታስቦ አንዱ ብቻ ተሰቅሏል፤ በሌላው በኩል ፍየልም እንግዳም እንደፈለገ ይገባል። ጓሮ ውስጥ ወደ ፎቅ የሚያወጣ የብረት ደረጃ ቆሟል፤ ፎቁ ግን የለም። ደረጃውን የሚወጡት ዶሮዎች ናቸው፤ ጫፉ ላይ ደርሰው፣ አይተው፣ ይመለሳሉ። ከአጥሩ ሥር በአፏ የተደፋች የብረት ጀልባ አለች፤ ግማሽ ጎኗ ተበይዷል፣ ግማሹ ለዘላለም ነገ ነው።

«ሊቀ ጀማርያን፣ ዛሬስ ምን ተጀመረ?» ትለው ነበር አይናለም በየማታው፣ ሳህን እያጠበች።

እሱም አይቀየማትም። «አንቺ የተጨረሰውን ነው የምታዪው። የተጨረሰ ነገር ምን ይታያል? ያው ነው» ይላል።

ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ሁሉ ነገር አዲስ ነበር። ለቢሮው ስም ሲወጣለት ወንበሩ ገና መቱ መንገድ ላይ በጭቃ ተይዞ ነበር። ለክልሉ በዓል ከድልድዩ አፍ ባለው አደባባይ አንድ ሐውልት ይቁም ተባለና ኮሚቴ ተዋቀረ። ሰብሳቢው አቶ ኦባንግ ነበሩ፤ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አኝዋክ። ስብሰባው ከቢሮ ይልቅ የአይናለም ምግብ ቤት ይቀናው ነበር፤ ቢያንስ የሚበላ ነገር አለ።

«አንበሳ እናቁም» አለ አንዱ አባል፣ አፉ በዓሣ እንደተሞላ።

«አንበሳ አዲስ አበባ ሞልቷል» አሉት አቶ ኦባንግ።

«አዞስ?»

«አዞ ዘመዱን ያልበላበት ሰው ፈልገህ አምጣና ሐውልቱን እሱ ይመርቅ።»

የኑዌሮቹ ቀንዱ የተንጨፈረረ በሬ ይሁን ሲባል ግማሹ ፊቱ በራ፣ ግማሹ ሳህኑን አየ። ነገሩ እንስሳ ከመምረጥ አልፎ የማን አገር ነው ወደሚለው ሊሻገር አንድ እግሩን ሲያነሣ፣ ወንዳፈረው ሽንኩርት ይልጥበት የነበረውን ቢላ እንደያዘ ከጓዳ ወጣ።

«ዓሣ ነው!» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ትልቁ የባሮ ዓሣ። ከውኃ ሲዘል። ጅራቱ መሬት፣ አፉ ሰማይ። ዓሣን ማንም የእኔ ብቻ ነው አይለውም፤ ሁሉም ይበላዋል። ያውም ከውስጡ የሚበራ! አምፖል በሆዱ ሞልቼ፣ በቅርፊቱ ቀዳዳ ብርሃን የሚያፈስ! ማታ ከድልድዩ ማዶ የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ጋምቤላ ገባሁ የሚልበት!»

አቶ ኦባንግ ከሳህናቸው ቀና አሉ። ከዚያ ወደ አይናለም ዞረው «እትዬ አይናለም፣ ይጨርሰዋል?» አሉ።

አይናለም በቤቱ ያለውን ጉድ በአገጯ አሳየቻቸው፤ ደረጃውን፣ በሩን፣ ጀልባዋን። «እርስዎ አስተማሪ ነዎት፣ ፈተናውን አይተው ያርሙ» አለች። ለባሏም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተወን» አለችው።

ኮሚቴው ግን በሬንና አንበሳን የሚያስታርቅ ነገር ማግኘቱ አስደስቶት ነበር። ዓሣው ጸደቀ።

ዓሣው የተጀመረው በአይናለም ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንዳፈረው ከአጥማጆች ሰው የሚያህል ዓሣ ገዝቶ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። አይናለም ቢላዋን ስላ ስትቀርብ «እንዳትነኪው! እያጠናሁት ነው» ብሎ ጮኸ። ቅርፊቱን አንድ በአንድ እያነሣ ከሥር ያያል፣ ክንፉን ዘርግቶ ያጥፋል፣ ለሚበሉት ደንበኞች «አያችሁ? እንደ ሣር ክዳን ነው፤ የላዩ የታቹን ይሸፍነዋል። እግዜር ራሱ ቤት ከዳኝ ነው» እያለ ያስተምራል። ዓሣው መሽተት ሲጀምር ደንበኛው ወጣ፤ ደንበኛው ሲወጣ ዝንቡ ገባ፤ ወንዳፈረው ግን ገና መተንፈሻ ስንጥቡ ላይ ነበር። በመጨረሻ አይናለም ዓሣውን ከእጁ ሥር ጎትታ ወስዳ ቀበረችው። እሱ ከመቃብሩ አፍ ድረስ እየለካ ተከተላት።

አጽሙን ከአሮጌ ፌሮ በየደ። ቅርፊቱን ግን ከምን እንደሚያደርግ ያገኘው ኛቾልን ካገኘ በኋላ ነው። ኛቾልና ባሏ ዳክ ከኢታንግ በጀልባ እየመጡ ባዶ የዘይት ጣሳ የሚሸጡ ኑዌሮች ነበሩ። የኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ቢበተንም፣ ስደተኛው ቢሄድም፣ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ጣሳ አልሄደም፤ በየቤቱ ውኃ መቅጃ፣ እህል መስፈሪያ፣ የሕፃን ከበሮ ሆኖ ቀርቷል። ወንዳፈረው አንዱን ጣሳ በመቀስ ዘርግቶ ውስጡን ሲያየው ወርቅ መሰለው።

«ስንት አለ?» አላት።

«ኢታንግ ሙሉ» አለች ኛቾል። ስትናገር ቃላት አታባክንም። «ለምን?»

«ዓሣ ልሠራበት።»

ኛቾልና ዳክ ተያዩ። ዳክ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለ አይናለም ስትጠይቃት ኛቾል «ደገኛ ዓሣ በብረት ይሠራል፣ ዓሣ ወንዝ ውስጥ አለ አለ» ብላ ተረጎመችላት። አይናለም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረዳት ሰው አገኘች። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ ጣሳ ባመጡ ቁጥር ምሳ ከእሷ ዘንድ ሆነ። ዳክ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ይታይ ነበር፤ ዓሣውን አጥንቱን ሳይነካ በምላሱ ብቻ ለይቶ ሲበላ አይናለም ሥራዋን ትታ ታየዋለች።

ኛቾል ቅርፊት ቆራጭ ሆነች። በእያንዳንዱ ቅርፊት ላይ በሚስማር ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀዳዳው ብርሃን ማፍሰሻ ነው። ዓሣው ከድልድዩ አፍ ላይ ከጅራቱ ጀምሮ እያደገ ሄደ። ከቤት በላይ ሆነ፣ ከማንጎው ዛፍ በላይ ሆነ። ክረምቱ ሲጋመስ ከአፉ ዙሪያ በስተቀር አልቆ ነበር። የከተማው ሰው መሳቁን እየተወ፣ ሲያልፍ አንገቱን እያቀና ማየት ጀመረ። አይናለም እንኳ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆማ ያየችበት ቀን አለ፤ ለማንም አልተናገረችም።

ታዲያ ሊቀ ጀማርያን መጨረሻው ሲቀርብ ደሙ ይቀዘቅዛል። በዓሣው ሆድ ውስጥ አምፖሎቹን ያያያዘው በቀጭን ሽቦ ነበር። «ለሙከራ ነው፤ ወፍራሙን ነገ እዘረጋለሁ» አለ። ነጋዴው ሀሩን ጄኔሬተር አዋሰ፤ ወፍራሙንም የኤሌክትሪክ ገመድ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስመጣ። ገመዱ ተጠቅልሎ ከአይናለም ባንኮኒ ሥር ተቀመጠ። እሷ በዚያ ስታልፍ በእግሯ ትመታዋለች።

«ይሄን ዘንዶ መቼ ነው የምታነሣልኝ?»

«ነገ።»

ነገ ሲመጣ ወንዳፈረው በዓሣው ግርጌ የውኃ አበባ ልሥራ ብሎ ሌላ ነገር ጀምሯል፤ ቅጠሉ ሰፋፊ፣ እያንዳንዱ አበባ የራሱ አምፖል ያለው። «ዓሣ ከምን ውስጥ ነው የዘለለው? ከአስፋልት? ውኃ ያስፈልገዋል!» ይላል። ገመዱ በቦታው ተኝቷል።

አቶ ኦባንግ በበኩላቸው አንድ ትእዛዝ ሰጡ። «በዓሉ ደርሶ እንግዳው ሳይመጣ እንዳይበራ። ለሙከራም ቢሆን። ሙሽራ ከሠርጓ ቀን በፊት አትገለጥም።» ጄኔሬተሩ ባለበት የቆርቆሮ መጠለያ በር ላይ ዘበኛ ቆመ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባሮ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ዛፍ ከነሥሩ ይዞ የሚወርድበት ጊዜ ነው። በዚያን ዕለት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላባራም፤ ሲመሽ የከተማው መብራት አልመጣም። አይናለም ፋኖስ ለኩሳ በሩን ልትዘጋ ስትል ጩኸቱን ሰማችና ባሏን አስከትላ ወደ ወንዙ ዳር ሮጠች።

ከኢታንግ ይመጣ የነበረ ጀልባ ነው። ከሚችለው በላይ ሰው ጭኖ፣ ጆንያ ጭኖ፣ የዓሣውን አፍ የሚጨርሰውን ጣሳ ጭኖ፣ ድልድዩን ጥቂት እንዳለፈ ሞተሩ ጠፋበት። ውኃው ወደ ኋላ ወስዶ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር አጋጨውና ገለበጠው። ይሄን ሁሉ ያወቁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ዳር የቆመው ሰው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነበር፤ ጨለማው ውስጥ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ። ገመድ የያዘ ሰው ወዴት እንደሚወረውር አያውቅም። የሚዋኘውም ዳሩ በየት እንደሆነ አያውቅም። ከውኃው ውስጥ በኑዌርኛ የሚጣራ የሴት ድምፅ መጣ፤ አይናለም ቃሉን አላወቀችውም፣ ድምፁን ግን አወቀችው። ኛቾል ናት።

«ወንዳፈረው!» ብላ ዞረች። ባሏ ወደ ወንዙ ሳይሆን በተቃራኒው ሲሮጥ አየችው። የሸሸ መሰላት።

«ተከልክሏል!» የሚል የዘበኛ ጩኸት ሰማች። ከዚያ የቆርቆሮ በር ሲገነጠል። ከዚያ ጄኔሬተሩ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፣ ያዘ።

ዓሣው በራ።

መጀመሪያ ጅራቱ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ ቀጥሎ አፍ የሌለው ራሱ። ከዚያ ሁሉ የሚስማር ቀዳዳ ብርሃን እንደ ዝናብ ፈሰሰ፤ ድልድዩን አለበሰው፣ የደፈረሰውን ውኃ እስከ ወዲያኛው ዳር አለበሰው። ውኃው ላይ የተበተነ ራስ ታየ፤ እንደ ቅል ተንሳፍፎ፣ እየጠለቀ፣ እየወጣ። ራሶቹ ሁሉ ወደ ብርሃኑ ዞሩ።

«ወደ ዓሣው! ወደ ዓሣው!» አለ አንድ ሰው። ጩኸቱን ሌላው በአኝዋክኛ፣ ሌላው በኑዌርኛ ተቀበለው። ገመድ ተወረወረ። አጥማጆች ታንኳቸውን ይዘው ገቡ። ኛቾል የማታውቀውን ሕፃን ከአንገቷ ላይ ተሸክማ ወጣች፤ አይናለም ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ዳክ አንድ ሽማግሌ ጎትቶ አወጣና ተመለሰ። አንዲት ሴት አወጣ። ኛቾል በልብሱ ይዛ «በቃ» አለችው። እሱ ወደ ውኃው ጠቆመ፤ አሁንም ራስ ይታያል። ተመለሰ።

አይናለም ከማየቷ በፊት ሸተታት፤ የሚቃጠል ጎማ ሽታ። ቀና ስትል የዓሣው ብርሃን ቢጫ ሆኗል። ከሆዱ ውስጥ ጢስ ወጣ። አንድ አምፖል ፈነዳ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከጅራቱ ወደ ራሱ እየወጣ። ወንዳፈረው ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ የቀለጠውን ሽቦ በባዶ እጁ ሊያያይዝ ሲታገል ጩኸቱ ተሰማ። ከዚያ ሁሉ ነገር ጨለመ።

ከወንዙ መሃል አንድ ድምፅ ተጣራ። አንዴ ብቻ። ኛቾል መለሰችለት፤ ደጋግማ ስሙን ጠራች፣ ዳር ዳሩን እየሮጠች ጠራች። ባሮ ግን ከዝናቡ ድምፅ በቀር ሌላ አልመለሰላትም።

ዳክን ታች ኩርባው ላይ ከሸምበቆው ውስጥ አገኙት። ከእሱ ጋር ሌሎችም ተገኙ፤ ያልተገኙም ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ዓሣ የሚበላ ሰው ጠፋ። ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። የአይናለም መጥበሻ ደርቆ ተሰቀለ። ወንዳፈረው ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል።

አቶ ኦባንግ መጡ። አይናለም ትእዛዝ ተጣሰ ሊሉ የመጡ መስሏት ወገቧን አስራ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንዳፈረው አጠገብ ተቀመጡ።

«እንዳይበራ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ቢሞከር ኖሮ ሽቦው ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር።»

«ገመዱ ባንኮኒ ሥር ነበር» አለ ወንዳፈረው። «አዲሱ ገመድ። እዚያ።»

ሦስቱም ወደ ገመዱ አዩ። አይናለም በሕይወቷ ሙሉ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን ብዙ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ ነገ ስለሚባለው ነገር፣ ስላልተሰቀለው በር። ንግግሩን ትታ የባሏን የላላ ፋሻ አጠበቀችለት።

ኛቾል ለቅሶዋን ስትጨርስ መጣች። ራሷን ተላጭታለች። ወንዳፈረው ሲያያት ተነሣ፤ በተጠቀለለ እጁ ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ሽቦው ቀጭን ነበር» አላት። «ወፍራሙን ነገ እቀይራለሁ ብዬ ነበር። ቀይሬው ቢሆን አይጠፋም ነበር። ይሄን ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።»

ኛቾል የተጠቀለለ እጁን አየች።

«አንተ አበራህ፤ እኔ ወጣሁ» አለች። «ጠፋ፤ ዳክ ቀረ። ሁለቱንም አውቃለሁ። አንዱን ብቻ በይ አትበለኝ።»

ከዚያ ተቀመጠች። አይናለም እንግዳ በባዶ እንዳይሄድ ያለውን እንጀራና ሽሮ አቀረበች። ኛቾል ጥቂት ቀመሰችና የዚያ ሕፃን እናት በሕይወት ተገኘች ብላ ነገረቻቸው። ስትሄድ ወንዳፈረው ቆሞ በሩ ድረስ ሸኛት፤ ጀልባ ትታ ኢታንግ ለመግባት ቀኑን ሙሉ በእግር የምትሄድበትን መንገድ እስክትጠፋ አየ።

በዚያኑ ዕለት ገመዱን ከባንኮኒው ሥር አወጣ። ፋሻውን በጥርሱ ፈትቶ፣ ቁስሉ እየደማ፣ የዓሣውን ሆድ ከፍቶ ገመዱን ዘረጋ። አምፖሎቹን ለወጠ። አፉን ዘጋ። የውኃ አበባውን ጨረሰ። በዓሉ ሲደርስ ዓሣው ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አደረ፤ እንግዳው አጨበጨበ፣ ሕዝቡ እልል አለ። ወንዳፈረው እቤት ተቀምጦ ነበር።

ከዚያም በሩን ሰቀለ።

አይናለም ጠዋት ስትወጣ ሁለተኛው ተካፋች ቆሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ መቆለፊያው ተገጥሞ አገኘችው። ፍየሎቹ በውጭ ቆመው ግራ ተጋብተዋል። ቀጥሎ ደረጃው የሚያደርስበት ትንሽ ሰገነት ተሠራለት። ጀልባዋ ተበይዳ አልቃ ለአንድ አጥማጅ ተሰጠች። ከተማው ተደነቀ። «ሊቀ ፈጻምያን ሆነልሽ እኮ! ስለትሽ ሰመረ!» አሏት ጎረቤቶች። እሷም መጀመሪያ ደስ አላት፤ በሩን አንዳንዴ ያለ ምክንያት ትከፍትና ትዘጋው ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ወንዳፈረው አይናገርም። ማታ ሳህን ስታጥብ «ዛሬስ ምን ተጀመረ?» ትለዋለች፤ «ምንም» ይላል። ከጎረቤት የተዋሰውን ዕቃ ሁሉ መመለስ ጀመረ። ከሀሩን የወሰደውን መዶሻ እጀታውን ለውጦ መለሰ። አካፋውን ስሎ መለሰ። አንድ ቀን የብየዳ መነጽሩን ለሌላ በያጅ ሰጥቶት እንደመጣ ስትሰማ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

ይሄን ነገር ታውቀዋለች። ከወሎ መጥተው ጫካው ውስጥ በተራገፉበት በዚያ የመጀመሪያ ክረምት አይታዋለች። ወባው ቤት ለቤት ሲገባ፣ ሊሞት ያለ ሰው በምን እንደሚታወቅ ተምራለች። ከመተኛቱ በፊት የተዋሰውን ወንፊት ይመልሳል። ምጣዱን አጥቦ ይደፋል። የሌላው ሰው እጅ ላይ ምንም የእሱ ነገር እንዳይቀር፣ በእሱም እጅ የሌላ እንዳይቀር አድርጎ ይተኛል። እናቷም እንዲሁ አድርጋ ነው የተኛችው። በዚያን ጊዜ ከመቃብሯ አጠገብ አንድ ሰው ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ እንጨት እየተከለ ነበር።

«ምንድን ነው የምትሠራው?» ብላው ነበር፤ ስሙን እንኳ አታውቅም።

«አጥር።»

«ምን የሚታጠር ነገር አለህ?»

«ገና እተክላለሁ» አላት።

አጥሩ መቼም አላለቀም። እሷ ግን ያገባችው ለዚያ አጥር ነው። ሰው ሁሉ በሚጨርስበት ወራት የሚጀምር ሰው አይታ፣ ይሄ ነገን የሚያይ ሰው ነው ብላ ተጠጋችው። ይሄንን ለእሱ ነግራው አታውቅም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የነገረችው ስድብ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሳይነጋጋ ተነሣች። እሱ የመለሰውን አካፋ ከጎረቤት ተዋሰች። ግቢው መሃል፣ ደንበኛ በሚያልፍበት በኩል፣ ነጠላዋን በወገቧ አስራ መቆፈር ጀመረች። አፈሩ ከዝናቡ የተነሣ ይከብዳል። ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ መዳፏ እየተላጠ ቆፈረች።

ወንዳፈረው በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አታይም? እየቆፈርኩ ነው።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ጀመርኩት።»

ቀስ ብሎ መጣና ጉድጓዱን ከላይ ሆኖ አየው። ፊቱ አልተለወጠም።

«መቃብር ይመስላል» አለ።

«ከሆነም ላንተ አይበቃም። አጭር ነው።»

እሷ ቀና ብላ አላየችውም፤ ብታየው የምታለቅስ መሰላት። አካፋውን ደግማ ሰነዘረች። እሱ ከጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለ። ከሥሩ የወጣውን ጓል አንሥቶ በተጠበሰው ጣቱ መካከል ፈረፈረው፤ ጠቆር ያለ፣ የሚያጣብቅ ጭቃ ነው። አሸተተው። ወደ አጥሩ አየ፣ ወደ ምግብ ቤቱ ጣራ አየ፣ እንደገና ወደ ጭቃው።

«ይሄ ጭቃ…» አለ።

አይናለም መቆፈሯን አቆመች።

«ይሄ ጭቃ ጡብ ይወጣዋል። እዚህ ጋ ገንዳ ብናደርገው፣ ውኃውን ከጣራው በአሸንዳ ብናመጣው…» ተነሣና በእግሩ ለካ፤ ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ጠቦሻል። ወዲያ መስፋት አለበት። አካፋውን ወዲህ በይ።»

ፀሐይ ስትወጣ የግቢው ግማሽ ተገልብጦ ነበር። ከበሩ እስከ ምግብ ቤቱ የሚረገጥ መሬት ጠፋ። አቶ ኦባንግ ለቁርስ ሲመጡ አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረና በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ።

«እትዬ አይናለም፣ ምን እየተሠራ ነው?» አሉ።

አይናለም እጇን በወገቧ አድርጋ ባሏን አየችው። እሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ላቡ እየወረደ፣ አሸንዳውን ገና ሳይጀምር ስለ ጡብ እቶን ሊያይ ለገባው የጄኔሬተሩ ዘበኛ እያስረዳ ነበር። ያን ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እስከ ገበያው ድረስ እንዲሰማ፣ ትሰድበው ጀመር። ሰነፍ አለችው፣ ቤት አፍራሽ አለችው፣ የእናቱ ማኅፀን ራሱ ጀምሮት ሳይጨርሰው የወለደው ነው አለችው። ስድቡ ሲያልቅባት ትንፋሽ ወሰደችና ከመጀመሪያው ጀመረችው።